የታካሚዎች ምስክርነት ለምን አይገጥምም? ስለ ጉበት ካንሰር የጨረር ዶቃ ሕክምና ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ የባለሙያ ምላሽ

ጥያቄ፦ «አባቴ 67 ዓመታቸው ነው። ለብዙ ዓመት አብሯቸው የኖረው ሄፓታይተስ ቢ ጉበታቸውን አጠጥሮታል፤ ሲሮሲስ አለ ተብለናል። አሁን ደግሞ በጉበታቸው ቀኝ ክፍል 6 ሴንቲ ሜትር የሆነ ካንሰር ተገኘ። ቀዶ ሕክምና አይመቻቸውም ተብሎ በደም ሥር በኩል የሚገባ የጨረር ሕክምና ታዞላቸዋል። ይህን ሕክምና ያገኙ ሦስት ሰዎች አነጋገርን። አንዱ ‹በሦስተኛው ቀን ሥራዬ ላይ ነበርኩ› አለን። አንዲት እናት ‹ወር ሙሉ ከአልጋ መውረድ አቅቶኝ ነበር› አሉን። ሦስተኛው ደህና ሆኖ ከርሞ በሁለተኛው ወር ዓይኑ ቢጫ ሆነና ሆስፒታል ተኛ። ማንን እንመን? ቤታችን ውስጥ የ4 ዓመት ሕፃንም አለች።»

ምላሽ፦

ሦስቱንም ይመኑ። ሦስቱም የተናገሩት የደረሰባቸውን ነው። ወሬያቸው ያልገጠመው የሕክምናው ስም አንድ ቢሆንም የተደረገላቸው ነገር አንድ ስላልሆነ ነው። ጨረር ያገኘው የጉበት ክፍል ስፋት ይለያያል፤ ሳይነካ የቀረው ጉበት አቅም ይለያያል፤ የጨረሩ መጠንም እንዲሁ። ከሁሉ በላይ ግን እያንዳንዳቸው የሚያወሩት ስለተለያየ ሳምንት ነው። በአምስተኛው ቀን የመጣ ድካምና በአምስተኛው ሳምንት የመጣ ድካም ስማቸው ድካም ይሁን እንጂ ትርጉማቸው ለየብቻ ነው። ስለዚህ ነገሩን በቀን ቅደም ተከተል አስረዳለሁ።

መጀመሪያ ሕክምናው እንዴት እንደሚሠራ። ጉበት ደም የሚያገኘው ከሁለት በኩል ነው። ሦስት አራተኛው ያህል ከአንጀት በሚመጣው ትልቅ የደም ሥር፣ ማለትም በፖርታል ቬይን ይገባል፤ ቀሪው በጉበት ደም ወሳጅ ቧንቧ በኩል ይመጣል። ጤነኛው የጉበት ሥጋ የሚመገበው በአብዛኛው በመጀመሪያው ነው። ካንሰሩ ግን ደሙን ከሞላ ጎደል በሙሉ የሚስበው ከደም ወሳጁ ነው። ሕክምናው የተመሠረተው በዚህ ልዩነት ላይ ነው፦ ኢትሪየም 90 የተባለውን ጨረር አመንጪ የያዙ ደቃቅ ዶቃዎች በደም ወሳጁ ሲለቀቁ ደሙ ራሱ እየገፋ ወደ ካንሰሩ ያደርሳቸዋል፤ እዚያ ቀጫጭን ሥሮች ውስጥ ተሰንቅረው ይቀራሉ። ዶቃዎቹ ሁለት ዓይነት ናቸው፦ ከብርጭቆ የተሠሩና ሬዚን ከተባለ ፕላስቲክ መሰል ነገር የተሠሩ። የብርጭቆዎቹ ስፋት ከ20 እስከ 30 ማይክሮሜትር፣ የሬዚኖቹ ከ20 እስከ 60 ማይክሮሜትር ነው (ማይክሮሜትር የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው)። የሚረጩት ቤታ ጨረር በሥጋ ውስጥ በአማካይ 2.5 ሚሊ ሜትር፣ ቢበዛ 11 ሚሊ ሜትር ቢጓዝ ነው። ለዚህ ነው ከውጭ በሚሰጥ ጨረር ሊደርስ የማይችል ከፍተኛ መጠን ካንሰሩ ውስጥ ማስቀመጥ የሚቻለው።

የኢትሪየም 90 ጉልበት በየ64 ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። በ11 ቀን ውስጥ ከጨረሩ 94 በመቶው ተለቆ ያልቃል፤ ዶቃዎቹ ባዶ ሆነው እዚያው ይቀራሉ። ይህን ቁጥር ያዙልኝ። ጨረሩ በሁለት ሳምንት ያልቃል፤ ጨረሩ የመታው ሴል ግን የሚሞተው፣ የተጎዳው ጤነኛ ጉበትም ጉዳቱን የሚያሳየው ከዚያ በኋላ በሳምንታትና በወራት ውስጥ ነው። የሦስተኛው ሰው ነገር የሚፈታው እዚህ ላይ ነው፤ እመለስበታለሁ።

ብዙ ቤተሰብ የማይጠብቀው የመጀመሪያው ቀጠሮ ሕክምና አለመሆኑን ነው። ዶቃው ከመግባቱ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ የሥሮቹ ካርታ የሚነሣበት ቀን አለ። ሐኪሙ ከብሽሽት ወይም ከእጅ አንጓ ገብቶ ቀጭን ቱቦ እስከ ጉበት ደም ወሳጅ ያደርሳል፤ ቀለም እየረጨ የየቅርንጫፉን አካሄድ በራጅ ይመለከታል። በመጨረሻ ቴክኒሺየም 99 የተባለ ለሥዕል የሚያገለግል ጨረር አመንጪ የተያያዘበት የአልቡሚን (የደም ፕሮቲን) ብናኝ ይለቃል። ብናኙ በመጠኑ ከዶቃው ጋር ስለሚቀራረብ ዶቃው የሚሄድበትን ቦታ አስቀድሞ ያሳያል። በዚህ ቀን የሚሰማው ቀለሙ ሲረጭ ሆድ ውስጥ የሚዘዋወር ሙቀትና በጀርባ ለረጅም ሰዓት ከመተኛት የሚመጣ የወገብ ሕመም ነው። አባትዎ ወገባቸውን የሚያማቸው ከሆነ አስቀድመው ይናገሩ፤ ከጉልበታቸው ሥር የምትገባ ትራስ ብዙ ትረዳለች።

ካርታው የሚፈልገው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ወደ ጨጓራና ወደ ትንሹ አንጀት መጀመሪያ የሚሄዱ ቅርንጫፎችን ነው። ዶቃ በእነዚህ ሾልኮ ከሄደ የጨጓራን ግድግዳ ከውስጥ ያቆስላል፤ ይህ ቁስል ከተራ የጨጓራ ቁስል ይልቅ ለመዳን በጣም የዘገየ ነው። ስለዚህ ሐኪሙ ቱቦውን ከቅርንጫፉ አሳልፎ ያስገባል፤ ካልተመቸ ደግሞ ቅርንጫፉን በቀጭን የብረት ጥቅል ይደፍነዋል። ሁለተኛው የሳንባ ነገር ነው። ካንሰሩ ውስጥ ደም ወሳጁ ቀጫጭኖቹን ሥሮች ዘሎ በቀጥታ ከደም መላሹ ጋር የተገናኘበት ቦታ ካለ ዶቃው አልፎ ሳንባ ይገባል። ስሌቱ ቀላል ነው፦ የታዘዘው ጨረር በጊጋቤክሬል (የጨረር አመንጪው ጉልበት መለኪያ)፣ ወደ ሳንባ በሚያልፈው ድርሻ ተባዝቶ፣ እንደገና በ50 ሲባዛ ሳንባው የሚያገኘውን ጨረር በግሬይ (ሥጋ የሚቀበለው ጨረር መለኪያ) ይሰጣል። 3 ጊጋቤክሬል ታዝዞ 8 በመቶው የሚያልፍ ቢሆን 12 ግሬይ ይመጣል። የተለመደው ጣሪያ በአንድ ሕክምና 30 ግሬይ፣ ሕክምናው ከተደጋገመ በድምር 50 ግሬይ ነው። ከካርታው ቀን በኋላ «መጠኑ ይቀነሳል» ወይም «በዚህ መንገድ አይሆንም» ቢባሉ ምርመራው መደረግ የነበረበትን አደረገ ማለት ነው። ያን ቀን ልብ የሚሰበር ነገር መሆኑን አውቃለሁ፤ ነገር ግን በሳንባ ላይ የሚመጣው ጉዳት ከዚህ እጅግ ይከፋል።

ከካርታው በኋላ ሐኪሙን ሁለት ቁጥሮች ይጠይቁ፦ ካንሰሩ ስንት ግሬይ ያገኛል? ጤነኛው ጉበትስ ስንት ግሬይ ያገኛል? ይህ የባለሙያ ብቻ ጥያቄ አይደለም። በ2021 ውጤቱ የታተመው ዶሲስፌር የተባለ ጥናት 7 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ካንሰር ያለባቸውን 60 ሰዎች በሁለት ከፍሎ ነበር። አንዱ ቡድን በተለመደው ስሌት ታከመ፤ ሌላው ካንሰሩ ቢያንስ 205 ግሬይ እንዲያገኝ ለየሰው ተሰልቶ ታከመ። የመካከለኛው ሰው ከሕክምናው በኋላ የኖረበት ጊዜ በመጀመሪያው 10.7 ወር፣ በሁለተኛው 26.6 ወር ሆነ። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ግን ዶቃው አንድ ሆኖ ስሌቱ ብቻ ተለውጦ ይህ ልዩነት መምጣቱ ጥያቄውን መጠየቅ ተገቢ መሆኑን ያሳያል። ቁጥር አውጥቶ የሚያስረዳችሁ ቡድን ስሌቱን ሠርቶታል ማለት ነው።

ለዋናው ቀን ዶቃው የሚታዘዘው በስምና በሰዓት ነው። በአንድ ቀን መዘግየት ብቻ ከጉልበቱ 23 በመቶ ያህል ይጠፋል። ስለዚህ አባትዎ ከቀጠሮው በፊት ባሉት ቀናት ትኩሳት ቢይዛቸው፣ ቢያስታውኩ፣ ሽንታቸው ቢቀንስ በቀጠሮው ጠዋት ሳይሆን በዚያው ሰዓት ይደውሉ። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ መቼ እንደሚቆም የሚወስነው ሐኪሙ ነው፤ በራስ ማቆም አይገባም። የስኳር መድኃኒት ሜትፎርሚን ካለ ደግሞ፣ ቀለሙ በኩላሊት በኩል ስለሚወጣ፣ ከኩላሊት ምርመራው ጋር አብሮ ይታያል። የሄፓታይተስ ቢ መድኃኒታቸው ግን በምንም ምክንያት አንድ ቀን እንኳ አይቋረጥ። ገና ካልጀመሩ ከጨረሩ በፊት እንዲጀመር ይጠይቁ፤ ምክንያቱን ስለ ሁለተኛው ወር ስናገር ያገኙታል።

የሕክምናው ቀን ራሱ ከካርታው ቀን ጋር ይመሳሰላል። ታካሚው የሚያረጋጋ መድኃኒት ይሰጠዋል እንጂ በአብዛኛው ሙሉ በሙሉ አይደነዝዝም። ጨረሩ አይሰማም፤ አያቃጥልም። ሬዚን ከሆነ፣ አንዱ ዶቃ የሚይዘው ጨረር ትንሽ ስለሆነ የሚገባው የዶቃ ብዛት ይጨምራል፤ ሥሩ እየሞላ ሲሄድ በቀኝ ጎድን ሥር ጭነት ወይም ሕመም ሊሰማ ይችላል። አንዳንዴ ሕመሙ ቀኝ ትከሻ ላይ ይወጣል፤ ይህ የጉበት ሽፋን ሲቆጣ ሕመሙን የሚያስተላልፍበት መንገድ ነው። ብርጭቆ ከሆነ ብዙዎች ምንም ሳይሰማቸው ይጠናቀቃል። ከብሽሽት ከተገባ እግርን ሳያጥፉ ከ2 እስከ 6 ሰዓት መተኛት አለ፤ ከእጅ አንጓ ከሆነ ቶሎ መቀመጥ ይቻላል። ቤት ከገቡ በኋላ የተወጋው ቦታ ቢደማ ታካሚውን አስተኝቶ ቦታውን በጣት አጥብቆ መጫን ነው፤ በጨርቅ ላይ ጨርቅ መደራረብ ደሙን ይደብቃል እንጂ አያቆመውም። በ10 ደቂቃ ካልቆመ ወይም እየነፋ የሚሄድ እብጠት ካዩ አምቡላንስ ይጥሩ።

ስለ ሕፃኗ። ቤታ ጨረር ከሰውነት አይወጣም፤ ውጭ የሚደርሰው ቤታው በሥጋ ሲገታ የሚፈጠረው ትንሽ የኤክስሬይ ጨረር ነው። ስለዚህ የሚጠየቀው ጥንቃቄ ቀላል ነው፦ ለመጀመሪያው 3 ቀን፣ አንዳንድ ሆስፒታሎች እስከ 7 ቀን ይላሉ፣ ልጅቷ አያቷ ጭን ላይ አትቀመጥ፣ አብራቸው አትተኛ፣ ለረጅም ሰዓት ከ1 ሜትር በቀረበ ርቀት አትዋል። ገብታ ሰላም ብላ መውጣቷ ምንም አያደርግም። እርጉዝ ሴት ካለች ተመሳሳይ ነው። ሬዚን ከሆነ በመጀመሪያው ቀን በሽንት ጥቂት ሊወጣ ስለሚችል አባትዎ ተቀምጠው ይሽኑ፤ መጸዳጃው ሁለት ጊዜ ይለቀቅበት፤ እጅ በደንብ ይታጠብ። ሳህን፣ ብርጭቆና ልብስ መለየት አያስፈልግም። ሰው እንደ ተላላፊ በሽተኛ በየማእዘኑ ብቻውን መቀመጡ ከጨረሩ ይልቅ ሞራሉን ይጎዳል። በሚቀጥሉት ሳምንታት በአውሮፕላን የሚጓዙ ከሆነ ግን የአየር ማረፊያ ጨረር መለኪያ ሊጮህ ስለሚችል ከሆስፒታሉ ደብዳቤ ይያዙ።

አሁን ወደ መጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት። እዚህ ነው የመጀመሪያው ሰውዬና የእናትየዋ ታሪክ የሚለያየው። ጉበት 8 ክፍሎች አሉት። ካንሰሩ ትንሽ ሆኖ ዶቃው አንድ ወይም ሁለት ክፍል ውስጥ ብቻ ከገባ የቀረው ጉበት ምንም አልሆነም ማለት ይቻላል፤ እንዲህ ያለው ሰው በሦስተኛው ቀን ሥራ ቢገባ አያስደንቅም። ዶቃው የጉበቱን ቀኝ ጎን በሙሉ ካዳረሰ ግን ከጉበቱ ግማሽ በላይ ጨረር አገኘ ማለት ነው፤ ቀኙ ከግራው ይበልጣልና። የእናትየዋ ወር ከዚህ ዓይነቱ ሊሆን ይችላል። የአባትዎ 6 ሴንቲ ሜትር ካንሰር እንደ ቦታውና እንደ ሥሮቹ አካሄድ በሁለቱም መንገድ ሊታከም ይችላል። «ስንት ክፍል ነው የሚነካው?» ብለው ይጠይቁ፤ መልሱ አባትዎ ካነጋገራችኋቸው ሰዎች ከየትኛው ጋር እንደሚመሳሰሉ ይነግርዎታል።

ድካሙ ከሥራ ድካም የተለየ ነው፤ ተኝተው ቢነሡ አይለቅም። ብዙ ጊዜ ከ3ኛው እስከ 5ኛው ቀን ይጀምርና በሁለተኛው ሳምንት ይከብዳል፤ ከዚያ ቀስ እያለ ይለቃል፤ እስከ 6 ሳምንት የሚጎትትባቸው አሉ። ከእሱ ጋር የምግብ ፍላጎት ማጣት፣ ማቅለሽለሽ፣ ቀለል ያለ ትኩሳት፣ የቀኝ ጎድን ሥር ሕመም አብረው ይመጣሉ። ይህ ሁሉ የሚጠበቅ ነው። ቤተሰብ በዚህ ጊዜ የሚሳሳተው በሦስት ነገር ነው።

የመጀመሪያው ሕመም ማስታገሻ ነው። አይቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክና መሰሎቻቸው ለአባትዎ የተከለከሉ ናቸው፤ ሲሮሲስ ያለበትን ሰው ኩላሊት ይጎዳሉ፣ ጨረር የነካውን ጨጓራም ያደማሉ። የሚመረጠው ፓራሲታሞል ነው፤ ጣሪያው ግን ሲሮሲስ ላለበት በቀን 2 ግራም፣ ማለትም ባለ 500 ሚሊ ግራም 4 ፍሬ ነው። የጉንፋን መድኃኒቶች ውስጥም ፓራሲታሞል ስላለ አብሮ ይቆጠር። ከዚህ የጠነከረ ማስታገሻ ከታዘዘ ሆድ ድርቀት ያመጣል፤ ሁለተኛው ስሕተትም ከዚህ ይወለዳል። ሲሮሲስ ያለበት ሰው ሆዱ ሲደርቅ ጉበቱ ያላጣራው አሞኒያ ይጠራቀምና አንጎሉን ያደነዝዛል። መጀመሪያ የሚታየው ቀን መተኛትና ሌሊት መንቃት፣ የእጅ መርገብገብ፣ የታወቀ ስም መርሳት ነው። ቤተሰብ «ሕክምናው አድክሟቸው ነው» ብሎ ያልፈዋል። ላክቱሎስ የተባለው ሆድ የሚያለሰልስ መድኃኒት ከታዘዘ ግቡ በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ ለስላሳ ሰገራ መውጣቱ ነው፤ መጠኑ በዚያ ይስተካከላል። ግራ መጋባት ከታየ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም።

ሦስተኛው ምግብ ነው። «ጉበት ታሟል፣ ፕሮቲን ይከለከል» የሚለው አሮጌ ምክር ዛሬም ይዘዋወራል፤ ጉዳት ያመጣል። ሲሮሲስ ያለበት ሰው ጡንቻው ቶሎ ይሟሽሻል፤ ጡንቻ ደግሞ አሞኒያን በማጥፋት ጉበትን ያግዛል። የሚያስፈልገው በየኪሎው ከ1.2 እስከ 1.5 ግራም ፕሮቲን ነው፤ 60 ኪሎ ለሆነ ሰው በቀን ከ72 እስከ 90 ግራም። በሦስት ትልቅ ማዕድ አይገባላቸውም፤ በቀን 5 ወይም 6 ጊዜ ጥቂት ጥቂት ይቅረብላቸው። ከሁሉ የሚጠቅመው ከመኝታ በፊት የሚበላው ነው፤ የታመመ ጉበት ስንቅ ስለሌለው ሌሊቱን ሙሉ ባዶ ሆድ ማደር ጡንቻን ያስበላል። ጨው ይቀንስ፤ አልኮል ጨርሶ አይነካ፤ ከሐኪሙ ያልታዘዘ የዕፀዋት መድኃኒትም አይጨመር።

ሁለት ነገር በየቀኑ ይጻፉ፦ ጠዋት ከሽንት በኋላ ክብደት፣ ማታ የሰውነት ሙቀት። በሳምንት ከ2 ኪሎ በላይ ክብደት መጨመር ውፍረት አይደለም፤ ሆድ ውስጥ ውኃ እየተጠራቀመ ነው። ከ38 ዲግሪ በላይ የሚወጣ ትኩሳት፣ በተለይ ከብርድ ብርድ ማለት ጋር ከመጣ፣ በዚያው ቀን መታየት አለበት። የሐሞት ቧንቧቸው ውስጥ ቱቦ የተተከለላቸው ወይም የሐሞት ቧንቧ ቀዶ ሕክምና ያደረጉ ሰዎች ጨረር ባገኘው ቦታ መግል የመቋጠር አደጋ ስላለባቸው ለነሱ ይህ ትኩሳት ይበልጥ ያስፈራል።

አሁን የሦስተኛው ሰው። ከ4ኛው እስከ 8ኛው ሳምንት ያለው ጊዜ ቤተሰብ የሚዘናጋበት ነው፤ ድካሙ ለቋል፣ ምግብ ተጀምሯል፣ ጨረሩም ካለቀ ቆይቷል። አደገኛው ጉዳት ግን የሚታየው በዚህ ጊዜ ነው። ጨረሩ ጤነኛውን ጉበት ከሚችለው በላይ ካገኘው ጥቃቅን የደም ሥሮቹ ቀስ በቀስ ይደፈናሉ፤ ከዚያ ዓይን ቢጫ ይሆናል፣ ሽንት ይጠቁራል፣ ሆድ ውኃ ይይዛል። በደም ምርመራ ቢሊሩቢን (ጉበት ሲደክም በደም ውስጥ የሚጠራቀመው ቢጫ ነገር) ከ3 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር በላይ ሲወጣ፣ ካንሰሩ ሳያድግና የሐሞት ቧንቧ ሳይዘጋ፣ በጨረር የመጣ የጉበት ጉዳት ነው ይባላል። በዚህ ደረጃ ሐኪም ያለው መሣሪያ ጥቂት ነው፤ ዋናው ጥበቃ ቀድሞ የሚደረገው ምርጫ ነው። ለዚህ ነው ከሕክምናው በፊት ቢሊሩቢን ከ2 በላይ የሆነ ወይም ሆዱ ውኃ የያዘ ሰው ሰፊ የጉበት ክፍል የሚነካ ዶቃ ሲፈልግ ብዙ ሐኪሞች እምቢ የሚሉት። እምቢታው ታካሚውን መተው አይደለም።

የአባትዎ ጉዳይ በዚህ ጊዜ አንድ ተጨማሪ ጥያቄ አለው። ሄፓታይተስ ቢ ጉበት በጨረር ሲመታ ሊቀሰቀስ ይችላል፤ ሲቀሰቀስም ዓይን ቢጫ ያደርጋል። በመልክ ከጨረር ጉዳት አይለይም፤ ሕክምናው ግን የተለየ ነው፣ ቫይረሱን የሚገታ መድኃኒትም አለ። ስለዚህ በሁለተኛው ወር የጉበት ቁጥሮቻቸው ከተለወጡ «የቫይረሱ መጠን ይለካልን» ብላችሁ ጠይቁ። ይህ ምርመራ ቢታዘዝ የማይቆጭ ነገር ነው። የጉበት ደም ምርመራ ደግሞ በ2ኛው፣ በ4ኛውና በ8ኛው ሳምንት መደረጉን ያረጋግጡ፤ ቢጫነት በዓይን ከመታየቱ በፊት ቁጥሩ ይናገራልና።

የጨጓራ ቁስልም የሚመጣው በዚህ መካከል ነው። ምልክቱ ከቀኝ ጎድን ሕመም ይለያል፦ ደረት ሥር መካከል ላይ ይሆናል፣ ከምግብ ጋር ይያያዛል፣ እንደ መጀመሪያዎቹ ቀናት እየቀነሰ አይሄድም። ሰገራ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ የመድማት ምልክት ነው፤ ወዲያው ሆስፒታል። ብዙ ቡድኖች የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰውን ኦሜፕራዞል ወይም መሰሉን ለ4 እስከ 6 ሳምንት ያዝዛሉ፤ ሕመም የለም ተብሎ በሁለተኛው ሳምንት አይቁም። ሳንባው ዘግይቶ፣ ከአንድ ወር በኋላ ይናገራል፤ ደረቅ ሳል ከትንፋሽ ማጠር ጋር ሲመጣ ስለ ዶቃው ለሚያየው ሐኪም ይነገረው፤ አለበለዚያ እንደ ሳንባ ምች ብቻ ሊታከም ይችላል።

ቀጥሎ ያለው ካንሰሩ ምን እንደሆነ ለማየት የሚነሣው ሥዕል ነው። ከሰማኋቸው ጥያቄዎች ሁሉ የሚደጋገመው «ከወር በኋላ ሲነሣ 6 ሴንቲ ሜትሩ 6 ሆኖ ተገኘ፤ አልሠራም ማለት ነው?» የሚለው ነው። አይደለም። የሞተ ካንሰር ወዲያው አይሟሟም፤ እንዲያውም በእብጠት ምክንያት የሰፋ ሊመስል ይችላል። በሲቲ ስካን ወይም በኤምአርአይ የሚታየው ቀለም ሲሰጥ ካንሰሩ ውስጥ የሚበራው ክፍል ምን ያህል እንደቀረ ነው፤ የማይበራው ሞቷል። ሚዛን ያለው መልስ የሚገኘው በ3 ወር አካባቢ ነው፤ በጠርዙ ላይ ቀጭን ብርሃን እስከ 6 ወር ሊቆይም ይችላል። አልፋፌቶፕሮቲን የሚባለው የደም ምልክት ከሕክምናው በፊት ከፍ ያለ ከነበረ ቁጥሩ መውረዱ ቀድሞ የምሥራች ይነግራል፤ መጀመሪያውኑ ያልጨመረ ከሆነ ግን ምንም አይጠቁምም።

ስለ ተስፋ በቅንነት ለመናገር፦ ሌጋሲ የተባለው ጥናት አንድ ብቻ ካንሰር ያላቸውን፣ እስከ 8 ሴንቲ ሜትር የሆነውን፣ ጉበታቸው ገና በደህና ደረጃ ያለ 162 ሰዎች ውጤት መረመረ፤ በ3 ዓመት 86.6 በመቶው በሕይወት ነበሩ። በዚህ ላይ ተመሥርቶ በ2021 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የብርጭቆውን ዶቃ ለዚህ ካንሰር አጽድቆታል። ግን የመካከለኛው ሰው ካንሰር 2.7 ሴንቲ ሜትር ነበር፤ አንዳንዶቹም በኋላ ንቅለ ተከላ ወይም ቀዶ ሕክምና አግኝተዋል። የአባትዎ ከዚያ ከእጥፍ በላይ ነው፤ ቁጥሩን እንዳለ ወስደው የራስዎ አያድርጉት። በሌላ በኩል ካንሰሩ የተስፋፋባቸውን ሰዎች ያካተተው ሳራ የተባለ ጥናት ዶቃውን ሶራፌኒብ ከተባለው የካንሰር እንክብል ጋር ሲያወዳድር ዕድሜ የሚያስረዝም ብልጫ አላገኘም፤ ዶቃውን ያገኙት ግን ኑሯቸው የቀለለ ነበር። ሕክምናው የሚጠቅመው ሰው በትክክል ሲመረጥለት ነው።

አንድ ማሳሰቢያ። ስትጠያይቁ «አምስት ቀን ተመላለስኩ፣ መርፌም አልነካኝ» የሚል ሰው ሊያጋጥማችሁ ይችላል። እሱ ያገኘው ሌላ ሕክምና ነው፦ ከውጭ በትክክል የተነጣጠረ ጨረር፣ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 6 ጊዜ ተከፋፍሎ የሚሰጥ። እዚያ ላይ የሚያስቸግረው ጉበት ከትንፋሽ ጋር ወደ ላይና ወደ ታች መሄዱ ነው፤ ስለዚህ ታካሚው ትንፋሹን እንዲይዝ ይለማመዳል ወይም ሆዱ በቀበቶ ይጫናል፤ ካንሰሩ አጠገብም የወርቅ ምልክት ሊተከል ይችላል። የጥንቃቄው ቀናትም ይለያሉ፤ ታካሚው ጨረር ይዞ ቤት ስለማይገባ ከሕፃን መራቅ የለም። የዚያን ሰው ምስክርነት ለአባትዎ አይጠቀሙበት።

ከሆስፒታል ስትወጡ አንድ ወረቀት ላይ ይጻፉ፦ ዶቃው የገባበት ቀን፣ ብርጭቆ ወይም ሬዚን መሆኑ፣ የገባበት የጉበት ክፍል፣ የመጨረሻው ቢሊሩቢንና አልቡሚን፣ የሚወስዱት መድኃኒት በሙሉ፣ የቡድኑ ስልክ። ከአባትዎ የኪስ ቦርሳ ውስጥ ይቀመጥ። ሌሊት ድንገተኛ ክፍል ስትደርሱ ተረኛው ሐኪም ይህን ሕክምና በቅርብ ላያውቀው ይችላል፤ «ከ6 ሳምንት በፊት የቀኝ ጉበት ኢትሪየም 90 ተሰጥቷቸዋል» የሚለው አንድ ዓረፍተ ነገር የሚታዘዘውን ምርመራ ይለውጠዋል።